አሥራ ሁለተኛው መጠይቅ

ከምርምር ጣቢያው፣ ሽንፋ አካባቢ
ጥር 12 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለእሌኒ፣

የደጋው ብርድ እንዴት አድርጎሻል? እኛ ጋ ጥር መግባቱን የሚነግረን የግድግዳው ካላንደር ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ቢሮ ውስጥ ከእኔና ከእንሽላሊቱ በቀር የሚቀመጥ የለም።

መልሴ የዘገየው ላንቺ የምለው ስላጣሁ ነው። «ሠራተኞቹ የሥራ እርካታ መጠይቁን ለመሙላት ለምን ያንገራግራሉ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። እኔም ጠየቅኋቸው። ግምጃ ቤቱን የያዘው አንዷለም፣ «ጋሼ፣ ይሄ የአሠራር ለውጥ የሚሉት ቢ.ፒ.አር ሰው ሊቀንስ መምጣቱን ማን ያጣዋል? መጀመሪያ ደስተኛ ነህ ወይ ይሉሃል፤ አይደለሁም ካልክ ደስ ወደሚልህ ሂድ ይሉሃል» አለኝ። ወጥ ቤት የምትሠራው አየሁሽ ደግሞ ወረቀቱን ገልብጣ ገልብጣ አየችና፣ «ስም አይጻፍም ይሉኛል፤ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የሥራ መደብ፣ የአገልግሎት ዘመን ግን ይጻፋል። እዚህ ግቢ የአርባ ሦስት ዓመት ሴት ወጥ ሠሪ ከእኔ ሌላ ማን አለ?» አለችኝ። መልሱ አንቺ ጋ ካለ ላኪልኝ።

እኔም ብሆን እጠራጠራለሁ፤ አልዋሽሽም። ገንዳ ውሃ ባዮሎጂ ሳስተምርሽ ጥያቄ የማወጣው መልሱን ይዤ ነበር። ዩኒቨርሲቲው የሠራተኛውን ሆድ ሳያውቅ ይጠይቃል ብዬ ማመን ይቸግረኛል። የሚፈልገውን መልስ አስቀድሞ ይዞ ይሆናል የሚል ነገር ያብሰለስለኛል። ለእኛስ ምን ይገኝበታል?

የላቦራቶሪ ባለሙያዋን ጠይቀሽኝ ነበር። ዋሲላ ደህና ናት። የመተማ ዮሐንስ ልጅ፣ ሥራዋ የጸዳ፣ አፏ ቁጥብ። ኮንትራቷ ሰኔ 30 ያልቃል። ይራዘምላት ብዬ እኔ ካልጻፍኩ አይራዘምም፤ ይህንንም ታውቃለች። ሁለት ታናናሽ እህቶቿን የምታስተምረው እሷ ናት።

ዘበኛችንን ማተቤን ሰላም ይበሉልኝ ላልሽው፣ ሰላምታሽን ለሁሉም አድርሻለሁ። ሁሉም ደህና ነው።

ስንሻው

*

ዋናው ግቢ፣ የሰው ሀብት ልማት ቢሮ
የካቲት 3 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ስንሻው፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ እየሳቅሁ፣ አንዴ እየከፋኝ። እንሽላሊቱን ሰላም ይበሉልኝ። የከፋኝ ግን እርስዎም እኔን መጠርጠርዎ ነው።

የአየሁሽን ጥያቄ ለአለቃዬ አቀረብኩለት። ልክ ናት አለ። ከዚያ ደግሞ ቅጹ ስምንት መቶ ኮፒ ስለተባዛ አይቀየርም አለ። እንግዲህ የማደርገው ይህን ነው፦ የጣቢያችሁን ፖስታ ከእኔ በቀር የሚከፍተው አይኖርም፣ ኮምፒውተር ላይ የማስገባውም እኔ ነኝ፣ አለቃዬ የሚያየው አማካዩን ብቻ ነው። በእናቴ እምልልዎታለሁ።

«ምን ይገኝበታል?» ላሉኝ፣ ተጨማሪ መኪና፣ አጎበር፣ ንጹህ ውሃ ይሰጠን እያላችሁ ስንት ዓመት በቃለ ጉባኤ ጻፋችሁ? ቃለ ጉባኤ የሚያነብ የለም። ቁጥር ግን ይነበባል። ውጤቱ ዝቅ ያለበት ክፍል በሐምሌ የማሻሻያ ዕቅድ ይወጣለታል፤ ሠራተኛው የተከፋበት ቦታ መጀመሪያ ይታያል ተብሏል። እውነት ይሁን አይሁን እኔም በዓይኔ አላየሁም። ብቻ እዚህ ካሉት ወረቀቶች ሁሉ እናንተን ሊጠቅም የሚችለው ይህ ይመስለኛል።

በመስከረሙ የሠራተኛ ዝርዝር ልክ፣ እርስዎን ሳይጨምር፣ አሥራ ሁለት ቅጽ ልኬያለሁ። አንድ ነገር ልለምንዎ፤ የሚሞሉበት ቀን እርስዎ ግቢ ውስጥ አይዋሉ። እነሱው ሰብስበው፣ እነሱው አሽገው በሾፌሩ በሷሊህ እጅ ይላኩልኝ።

አክባሪዎ እሌኒ

*

ከጣቢያው
የካቲት 20 ቀን 2001 ዓ.ም.

እሌኒ፣

እንዳልሽው አደረግሁ። ቀኑን ሙሉ ሽንፋ ሻይ ቤት ተጎልቼ ዋልኩ። አሥራ አንዱም ሠራተኛ ኒም ዛፉ ሥር ተሰብስቦ ሞልቷል። አሥር ሰዓት ላይ ስመለስ ከሩቅ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ሰው ይከራከራል፣ ሴት ታለቅሳለች መሰለኝ። በሩን ስገባ ሁሉም ዝም አለ። አንዷለም ፖስታውን በሙጫ ለጥፎ፣ በክር ጠፍሮ፣ በላዩ ላይ ቁጭ ብሎበታል።

ምን ጻፋችሁ አላልኩም። እንዳልል ምላሴን ነክሼ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ከሰው ጋር ስሠራ፣ ሰው እኔን ሲያይ ዝም ሲል የመጀመሪያዬ ነው። ወይም ሲያደርጉት ኖረው አሁን ነው ያየሁት።

ፖስታው ደርሶሽ እንደሆነ አንድ መስመር ጻፊልኝ።

ስንሻው

*

ከዋናው ግቢ
መጋቢት 25 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ስንሻው፣

ሁለት ጊዜ «ውጤቱስ?» ብለው ጽፈው ዝም ማለቴ ንቄዎት አይደለም። ምን እንደምልዎ ቸግሮኝ ነው።

ጣቢያችሁ ከመላው ዩኒቨርሲቲው አንደኛ ወጣ። ከአምስት አራት ነጥብ ስድስት ሰባት! አለቃዬ ደስታውን አልቻለውም። «እነዚያ ሐሩር ላይ ያሉት እንዲህ ከረኩ፣ እዚህ ጥላ ሥር ሆኖ የሚያጉረመርመው ምን ነካው?» ይላል። መኪናና አጎበሩም ለባሰበት ክፍል ይሁን ብሏል። አዩልኝ፣ አሥራ አንዱ ቅጽ ከላይ እስከ ታች አምስት፣ አምስት፣ አምስት ነው። ግምገማ መስሏቸው ነው፤ ለራሳቸው ማርክ ሰጥተው ላኩልኝ።

አንዱ ብቻ የተለየ ነው። «ሥራ ላይ ብታመም መሥሪያ ቤቱ ይደርስልኛል» የሚለው ላይ አንድን አክብቦ፣ በጎኑ እንዲህ ይላል፦ «መድኃኒቱ ሽንፋ ነበር። መኪናው አልነበረም። ሰው በጋሪ ሄዶ በጋሪ ተመለሰ።» እስካሁን ካነበብኩት ስምንት መቶ ወረቀት እውነት የሚመስለኝ ይህ ብቻ ነው።

ይህን ለእርስዎ መጻፍ አልነበረብኝም። የገባሁትን ቃል አፈረስኩ፤ ይቅር ይበሉኝ። አንብበው ይቅደዱት። ግን ይንገሩኝ፣ ማን ታሞ ነበር?

እሌኒ

*

ከጣቢያው
ሚያዝያ 6 ቀን 2001 ዓ.ም.

እሌኒ፣

ማን ታሞ ነበር ላልሽኝ፣ ቆላ ውስጥ ያልታመመ ማን አለ?

ደብዳቤሽን አልቀደድኩትም። ኪሴ ውስጥ ነው። በዚህ ግቢ አሥራ አንድ ሰው አብሮኝ ይበላል፣ አብሮኝ ይጠጣል፣ ከመካከላቸው አንዱ በወረቀት ወግቶኛል። አሁን ሁሉንም አያለሁ። አንዷለም ቢሮዬ ሲገባ ለምን በሩን አይዘጋም? አየሁሽ ወጡን ስታቀርብልኝ ለምን ዓይኔን አታየኝም? ሷሊህ ሞተር እያስነሳ ለምን ያፏጫል? ድሮም ያፏጭ እንደሆነ አላስታውስም። ሰውን መጠርጠር እንዲህ አድካሚ መሆኑን የሚያውቅ የጀመረው ብቻ ነው።

ሁሉንም የዓመት ፈቃድ ዕቅዳችሁን በእጃችሁ ጻፉ አልኳቸው፤ መጻፍ የማይችለውም አስጽፎ አመጣ። አሥራ አንዱንም ወረቀት ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ከቅጹ ጋር አስተያይተሽ የሚመሳሰለው ላይ ምልክት አድርጊልኝ። ስም አልፈልግም። ምልክት ብቻ።

የምጠረጥራት አለች፤ ልደብቅሽ አልችልም። መድኃኒቱ የት እንደነበር የሚያውቅ ማን ነው? ዋሲላ ኮሌጅ የተማረችው የጤና ላቦራቶሪ ነው። ፖስታው ከሄደ ወዲህ ከእኔ ጋር ሦስት ቃል አልተነጋገረችም። እሷ ናት በይኝ፣ ወይም አይደለችም በይኝ። የኮንትራቷን ነገር በዚህ ወር መጻፍ አለብኝ።

ስንሻው

*

ከዋናው ግቢ
ሚያዝያ 19 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ስንሻው፣

የላኳቸውን ወረቀቶች ሳላያቸው ቀድጄ ጥያቸዋለሁ። ይቆጡኝ።

ናት አልልም፤ አይደለችም አልልም። ዛሬ ዋሲላ አይደለችም ብልዎ ነገ ስለ አንዷለም ይጠይቁኛል። አይደለም፣ አይደለም እያልኩ ስቆጥርልዎ የመጨረሻው ሰው ሳልጠራው ይታወቃል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ያችን ዓረፍተ ነገር ባልጽፍልዎ ኖሮ ዛሬ የሷሊህን ፉጨት አይቆጥሩም ነበር።

ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። «የአለቃ በደል» የሚል ቃል ቅጹ ላይ የለም። ስለ መኪና ነው የሚያወራው። እርስዎ ራስዎ መኪና አነሰ እያሉ ዓመት ከዓመት የጻፉ ሰው፣ ሌላው ሲጽፈው ለምን ተወጋሁ ይላሉ? ጋሼ፣ ምን ደብቀውኛል?

የልጅቷን እንጀራ ከዚህ ነገር ጋር አያያይዙብኝ። እለምንዎታለሁ።

እሌኒ

*

ከጣቢያው
ግንቦት 8 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለእሌኒ፣

የወ/ሪት ዋሲላ ኮንትራት እንዳይራዘም ጽፌያለሁ። ምክንያቱ «የሥራ መደቡ ተጠንቶ እስኪወሰን» ይላል። እንዲህ ያለ ምክንያት እንደማይሟገቱት ታውቂዋለሽ፤ ከእናንተ ቢሮ የተማርኩት ነው።

ስነግራት አላለቀሰችም። «እሺ» አለችና ወደ ላቦራቶሪ ተመለሰች። የቀረውን የሰሊጥ ናሙና መዝግባ ጨረሰች፣ ብርጭቆዎቹን ሁሉ አጥባ ደረደረች። ከመስኮቱ ውጭ ቆሜ አይቻታለሁ። ብታለቅስ ኖሮ እገባ ነበር እያልኩ ቆሜ ቀረሁ።

አንድ ቃል ብትይኝ ኖሮ ይህ አይመጣም ነበር። ደግሞም ይህን የማደርገው ለማን ብዬ እንደሆነ አንድ ቀን ይገባሽ ይሆናል።

ስንሻው

*

ከዋናው ግቢ
ግንቦት 21 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ስንሻው፣

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ቀን ቅጹን ከመሳቢያዬ አውጥቼ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁት። እስከዚያን ቀን ያነበብኩት ቃሉን ነበር። ወረቀቱን አላየሁትም ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተመልሷል። ሦስተኛው በአረንጓዴ። አራተኛው በእርሳስ፣ ፊደሉም ዘመም ይላል። አምስተኛው የዘይት ነጥብ አለበት። ሰባተኛው ላይ ጭራሽ ጽሑፍ የለም፤ አንድ የሚለው ቁጥር ላይ የአውራ ጣት አሻራ ተደርጓል። አንድ ሰው አይደለም የጻፈው።

ከዚያ የፊት ገጹን አየሁ። ወንድ። ዕድሜ 58። የሥራ መደብ ጥበቃ። አገልግሎት 19 ዓመት። የመስከረሙን ዝርዝር አመጣሁና ፈለግሁ። ከዚያ ፋይናንስ ወርጄ የኅዳርን የደመወዝ ዝርዝር አስወጣሁ። ጋሽ ማተቤ በቀይ ተሰርዟል። በጎኑ «በሞት» ይላል። ከሥሩ የእርስዎ ፊርማ አለ። የሞት ደብዳቤው ለፋይናንስ ብቻ ነው የተጻፈው፤ እኛ ቢሮ አልደረሰም።

እኔ በሞተ ሰው ስም ቅጽ ላክሁባችሁ። አሥራ ሁለት ቅጽ፣ አሥራ አንድ ሰው። እርስዎ በንዴት አልቆጠሩም፤ እኔ ቁጥር የምሰበስብ ሰው ደግሞ መቁጠር ረሳሁ። እነሱ የራሳቸውን አምስት አምስት ሞልተው እውነቱን እሱ ላይ ጻፉት። እሱን ማን ይገመግመዋል? ከየትኛው መደብ ይቀንሱታል?

ጋሼ፣ ሰላም ይበሉልኝ ስልዎ ሰላምታሽን አድርሻለሁ ብለው ጻፉልኝ። ለማን ነው ያደረሱት? መቼ ነው የሞተው? ቀኑን ይጻፉልኝ።

እሌኒ

*

ከጣቢያው
ሰኔ 4 ቀን 2001 ዓ.ም.

እሌኒዬ፣

ጥቅምት 18 ቀን ነው።

ቀኑን ታስታውሺዋለሽ። ስለ ጥናቱ ልታስረዱን አንቺና ሁለት ጓደኞችሽ የመጣችሁ ጊዜ ነው። ሥራችሁን በዋዜማው ጨርሳችሁ፣ እስከዚህ ከመጣን መተማ ዮሐንስን ሳናይ፣ ገላባትን ከድልድዩ ማዶ ሳናይ አንሄድም፣ የሱዳን ሽቶም እንገዛለን አላችሁ። መኪናውን አትሂዱበት ማለት እችል ነበር። የመውጫ ወረቀቱን ፈርሜ ሷሊህን ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ያስተማርኳት ልጅ ባለሥልጣን ሆና መጥታ መኪና አጣች ሊባልብኝ ነው ብዬ ኩራት ያዘኝ።

በሩን የከፈተላችሁ ማተቤ ነው። ላብ አጥምቆት ነበር፤ ሙቀቱ ነው አልኩ። አራት ሰዓት ላይ ያንቀጠቅጠው ጀመር። ዋሲላ መጥታ፣ «ይቺ ወባ ጭንቅላት የምትወጣዋ ናት፣ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት» አለችኝ። ስልክ እዚህ እንደማይሠራ ታውቂያለሽ። አሥራ አራት ኪሎ ሜትር በአህያ ጋሪ፣ በዚያ ፀሐይ። አንዷለምና እርሻው ላይ የሚሠራው ቢያድግልኝ ናቸው የወሰዱት። ሲደርሱ መድኃኒቱ ነበር፤ ማተቤ ግን ራሱን አያውቅም ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አረፈ፤ አስከሬኑን በጋሪ የመለሱት ከመሸ፣ እናንተ ከተኛችሁ በኋላ ነው።

እናንተ ፀሐይ ሳትጠልቅ እየሳቃችሁ ተመለሳችሁ። ማተቤ የት ሄደ ስትይኝ ቤተሰብ ሊጠይቅ ሄዷል አልኩሽ። ጠዋት ስትሳፈሪ ሰላም በሉልኝ አልሽ። ሠራተኞቹ ሁሉ ቆመው ይሰሙሽ ነበር፤ አንድም ሰው አልተነፈሰም፣ እኔ በዓይኔ ከልክያቸው።

ያ ቅጽ ከሌላ ሰው እጅ ቢገባ ምርመራ ይመጣል፣ መኪናው ማን ይዞት እንደነበር ይጠየቃል፣ አንቺ ትጠፊያለሽ ብዬ ፈራሁ። ጸሐፊውን የፈለግሁት አፉን ላሲዘው ነው። ላንቺ ብዬ ነው። እውነቱን ልንገርሽ ካልኩ ግን ፊርማው የእኔ ነው፣ የፈራሁትም ለእኔ ጭምር ነው። የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም።

ስንሻው

*

ከዋናው ግቢ
ሰኔ 12 ቀን 2001 ዓ.ም.

ጋሼ፣

በሩን ሲከፍትልን «በሰላም ግቡ» ብሎን ነበር። እጁን ጨብጬዋለሁ፤ እጁ ይፋጅ ነበር። እኔም የቆላ ልጅ ሆኜ ትኩሳት መሆኑን አላወቅሁም። ይህን ለማንም ብነግረው አይቀለኝም።

የማን ቅጽ እንደሆነ ስነግረው አለቃዬ ይሰረዝ አለ፤ የሞተ ሰው ሠራተኛ አይደለምና። ያኔ ጣቢያችሁ ከአምስት አምስት ያመጣል። አልፈርምም አልኩ። ቅጹ ለምን መቆጠር እንዳለበት፣ የዚያን ዕለት መኪናው ላይ እነማን እንደነበርን፣ ከስማችን ጋር ጽፌ ለአስተዳደሩ አስገብቻለሁ። ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም። ጓደኞቼ አኩርፈውኛል።

ላንቺ ብዬ ነው ያሉትን ግን አልቀበልዎትም። እኔን ላድን ብለው የሌላ ሰው ልጅ እንጀራ ነጠቁ። ለእኔ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ይጠይቁኝ ነበር። ሰኔ 30 ሳይደርስ የዋሲላን ማራዘሚያ ይጻፉ። ከዚህ በኋላ የምለምንዎ ነገር የለኝም።

እሌኒ

*

ከጣቢያው
ሐምሌ 2 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለእሌኒ፣

ደመወዝሽን ስለ ቀጡሽ የጻፍሽው ደርሶኛል። ለእኔም መጥሪያ መጥቷል፤ ሰኞ እወጣለሁ። ዋሲላን ተቀበለች ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። እንደሆነው እነግርሻለሁ።

ማራዘሚያውን ደብዳቤሽ በደረሰኝ ዕለት ጻፍኩ፤ ማኅተሙ ተመትቶ የተመለሰው ግን ሰኔ 28 ነው። በዚያው ቀን ሁሉንም ሰበሰብኳቸው። የማን ቅጽ እንደሆነ አውቄያለሁ አልኩ። ማን ምን እንደጻፈ ማወቅ አልፈልግም፣ መኪናውን የላክሁት እኔ ነኝ፣ ዝም ያሰኘኋችሁም እኔ ነኝ፣ ይቅር በሉኝ አልኩ። ስንት ስብሰባ መርቻለሁ፤ ይቅርታ ጠይቄ ግን አላውቅም።

መጀመሪያ አየሁሽ፣ «አምስተኛው የእኔ ነው» አለች። ቢያድግልኝ ተነስቶ አውራ ጣቱን አሳየኝ። «አሻራው የእኔ ነው ጌታው። እኔ አልጻፍኩም ብዬ አልክድም» አለ። ሷሊህ፣ «የመጀመሪያው የእኔ ነው፤ መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኛ» ብሎ ፊቱን አዞረ። አንዷለም ስለ ጋሪው የሚለውን ጻፍኩ አለ። እንዲህ እያሉ አሥሩም ተናገሩ። እኔ ላውቅ አልፈልግም እላለሁ፣ እነሱ ይነግሩኛል። ሁሉም ያለቅስ ነበር፤ እኔም ጭምር።

ዋሲላ ብቻ ቀረች። ሁሉም ወደ እሷ ዞረ።

«እኔ ምንም አልጻፍኩም» አለች። «ተው፣ ያገኙናል ብዬ ለመንኳቸው። አልሰሙኝም። ያን ቀን ኒሙ ሥር ያለቀስኩት ለጋሽ ማተቤ እንዳይመስላችሁ፤ ለኮንትራቴ ነው።»

ከአሥሩ ማንም ሐሰት ነው አላለም። አየሁሽ እውነቷን ነው በሚል አንገቷን ነቀነቀች። ከአሥራ አንዱ ያልጻፈች አንዲት ሰው ነበረች፤ ያባረርኳት እሷን ነው።

ደብዳቤውን ሰጠኋት። ማኅተሙን እያየች እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ ልትፈርም ነው ብዬ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። በሥርዓት አጥፋ መለሰችልኝ። «ጋሼ፣ ምንም ሳልጽፍ ይህን ካደረጉኝ፣ የጻፍኩ ቀን ምን ሊያደርጉኝ ነው?» አለችኝ። ሽሙጥ አይደለም፤ ከልቧ ነው የጠየቀችኝ፣ መልስም ትጠብቅ ነበር። እስክሪብቶዬን ወደ ኪሴ መለስኩ።

ትናንት በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ ገንዳ ውሃ ሄደች። ሥራ አግኝታ እንደሆነ ማንንም አልጠየቅሁም፤ ለመጠየቅ ፊት አልነበረኝም። አድራሻዋን ካገኘሽ ጻፊላት። ከእኔ ነው አትበያት።

ስንሻው